የሚከራይ ቤት ሒሳብ



አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ሰው ምን ልሥራበት ብሎ ሲጠይቅ ከሁሉም አፍ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ቤት ግዛና አከራይ።» ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ከኪራይ የሚገኝ ገቢና ከቤት ዋጋ መናር የሚገኝ ሀብት ለየቅል ናቸው። ሁለቱን የሚያምታታ አከራይ ከሁለቱም ይጎዳል፤ የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ከጸደቀበት ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጉዳቱ ከብዷል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በስድስት ሚሊዮን ብር የተገዛ ኮንዶሚኒየም በወር 25 ሺህ ብር ተከራየ እንበል። በዓመት 300 ሺህ ብር፣ ከዋጋው አምስት በመቶ መሆኑ ነው። ተከራይ ሲለቅና ሲገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 25 ሺህ ብር ይቀነሳል። ቀለም፣ ቧንቧ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ ለጋራ ሕንፃው ማኅበር የሚከፈለው መዋጮ ተደምረው 35 ሺህ ቢወስዱ፣ የሚተርፈው 240 ሺህ፣ አራት በመቶ ይሆናል። በሠንጠረዥ «ለ» የሚከፈለው የኪራይ ገቢ ግብር ገና አልተነሣም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 መባቻ ለቁጠባ የወሰነው ዝቅተኛ ወለድ ሰባት በመቶ ነበር። ገዢው ከመፈረሙ በፊት ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ቢያሰፍር ኖሮ ብዙ ጸጸት በቀረ።

«ባንክ ያለ ገንዘብን የዋጋ ንረት ይበላዋል፤ ቤት ግን ዋጋው ይጨምራል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ትክክልም ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን ዘልሏል፤ ቤት የያዘ ሰው ያኔ ደብተር ከያዘው ይልቅ እንቅልፍ ነበረው። ይሁን እንጂ የናረው ዋጋ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የባንክ ዕዳን ወር በወር አይከፍልም። ከዚህም በላይ፣ ለዋጋ ዕድገት የሚገዛና ለኪራይ የሚገዛ ቤት አንድ ላይሆን ይችላል። ኮዬ ፈጬ ያለ ሰፊ ባለ ሦስት መኝታ አካባቢው ሲለማ ያዋጣ ይሆናል፤ ተከራይ ቶሎ የምታገኘው ግን ጎተራ ያለች ስቱዲዮ ናት። ተከራይ የሚጠይቀው ታክሲና ውሃ ነው። እንግዲህ ለኪራይ የሚገዛ ሰው ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ በፈረቃው ቀን ውሃው ይወጣ እንደሆነ፣ ሮቶው የት እንደተቀመጠ፣ ቆጣሪው የብቻ ይሁን የጋራ ያጣራ። የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስም ቀና ብሎ ይይ፤ ቢጫ ክብ ካለበት የላይኛው ጎረቤት ውሃ እየሰረገ ነው። ሰሞኑን ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ካየ ደግሞ የበለጠ ይጠርጥር።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ደንግጓል። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። አከራዮች ይህን ሲሰሙ አዋጅ 47/67ን ያስታውሳሉ። ፍርሃቱ መሠረት ቢኖረውም ንጽጽሩ አይገጥምም። የ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤትን ወርሷል፤ የ2016ቱ የሚቆጣጠረው ውልን ነው። ያም ሆኖ ያኔ ከተወረሱት የቀበሌ ቤቶች የሚወሰድ ትምህርት አለ፦ ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆም ጣራውን የሚያድስ ጠፋ። ዓመታዊውን ጭማሪ የሚወስነው አካል የሲሚንቶንና የቆርቆሮን ዋጋ ካላየ ያው ዕጣ ሊደገም ይችላል፤ በዚህ ረገድ አከራዮች የሚያሰሙት ቅሬታ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔ ብለው የያዙት ዘዴ ግን ራሳቸውን የሚጎዳ ነው። ግብር ለመቀነስ ለወረዳው 12 ሺህ ብር የሚል ውል ይጻፋል፤ ቀሪው 13 ሺህ በእጅ ይቀበሉታል። ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሒሳቡም አያዋጣም። አሥር በመቶ ጭማሪ ተፈቀደ እንበል፦ የሚሰላው ከተመዘገበው 12 ሺህ ላይ ነውና የሚገኘው 1,200 ብር ነው፤ እውነቱን ያስመዘገበ 2,500 ያገኛል። ተከራዩ ቀሪውን አልከፍልም ቢልስ? አከራዩ ፍርድ ቤት ይዞት የሚቀርበው የገዛ ፊርማው ያለበትን የ12 ሺህ ብር ውል ነው። ጭማሪው በሌላ እጅ ከተያዘ፣ አከራዩ በራሱ ፈቃድ የሚወስነው የመጀመሪያውን ዋጋና የመጀመሪያውን ተከራይ ነው። ሁለት ሺህ ብር አስበልጦ ቤቱን ሁለት ወር ባዶ ከማቆየት፣ በ23 ሺህ ወዲያው ለታማኝ ሰው መስጠት ይሻላል፤ የሁለት ወር ባዶነት 46 ሺህ ብር ሲያሳጣ፣ በዚያች ሁለት ሺህ ለመተካት 23 ወር ይፈጃልና። ይህም የሁለት ዓመቱ ውል ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ነው።