ጉቶው አልሞተም

ወገኖቼ! ጀፎረን ማንም እንዳያርሰው ተስማምተን እንጠብቃለን። የተራቆተውን ኮረብታ ግን ማን ይጠብቀው? በቡታጅራና በወልቂጤ ዙሪያ ጎርፍ ከኮረብታው አፈር ጠርጎ እስከ እንሰቱ ይወርዳል።

በወላይታ፣ በሁምቦ፣ ገበሬዎች ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠበቁ። ከመሬት በታች በሕይወት የቆየው የአገር ዛፍ ጉቶ አቆጠቆጠ። ጠንካራውን ቀንበጥ ትተው ሌላውን ቆረጡ፤ ተራራው ዳግመኛ ደን ሆነ። ጉቶ በጠፋበት ቦታ ወይራና ዋንዛ፣ በደጋው ደግሞ ኮሶ ይተከላል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ያመጣል፤ ይህን ማን ይክዳል? ቢሆንም ውሃ ይመጥጣልና ከምንጭ ይራቅ።

ከባዱ ሥራ ግን ፍየል ማሰር ነው። አንዲት ፍየል ብቻ ላላት እናት ከተከለለው ቦታ ሣር እየታጨደ ይሰጣት። ካልተሰጣት ፍየሏን ሌሊት ብትለቅ ምን ይባላል?