ሕዝብ የተከራከረበትን ቡጢኛ ደጋፊዎቹ ስለ ምን ወደዱት?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



በከሚሴ መናኸሪያ ቆሞ «መሐመድ ዓሊ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ቢኖር፥ «አቤት» የሚለው አንድ ሰው ብቻ አይሆንም። እኛ ዛሬ የምንናገርለት መሐመድ ዓሊ ግን በአሜሪካ አገር በሉዊቪል ከተማ በ1942 ተወልዶ፥ በ2016 በ74 ዓመቱ ያረፈው የከባድ ሚዛን ቡጢኛ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ብለን ካልገለጽን በቀር፥ ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዚህ ዓመት በክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን የዓሊን ፎቶግራፍ በደብተሩ ሽፋን ላይ ለጥፎ መጣ። ሌላው ጓደኛችን አየውና «ይኸ ጉረኛ! ባላጋራውን የሚሰድብ፥ አገሩ ለጦርነት ስትጠራው እምቢ ያለ ሰው ምኑ ይወደዳል?» አለው። ክፍሉም ወዲያው ከሁለት ተከፈለ። ከእኛ መካከል ፊደል የቆጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው የምንል አለን፤ አስቀድመን መድረሳ ገብተን ቁርዓን ቀርተናል የምንልም አለን። በሁለቱም ዘንድ የተማርነው ትሕትናን እንጂ ጉራን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አልሆነልንም፤ መልሱንም አንብበንና ተመካክረን በፊታችሁ ልናቀርብ ወደድን።

በ1960 በሮም ከተማ የተደረገውን የኦሎምፒክ ጨዋታ ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። ወገናችን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው በዚያ ነው። አበበ ከማሸነፉ ከጥቂት ቀናት በፊት፥ በዚያችው ከተማ አንድ የ18 ዓመት ልጅ በቡጢ የወርቅ ሜዳይ ተሸልሞ ነበር። ስሙ ካሽየስ ክሌይ ይባል ነበር፤ በኋላ መሐመድ ዓሊ የተባለው እርሱ ነው። ዕድሜው ዛሬ በፊታችሁ እንደ ቆምነው እንደ እኛ ነበር ማለት ነው። አበበ ቢቂላ ዝምተኛ ነበር፤ ይኸኛው ልጅ ግን ዝም ማለትን አያውቅም። ዓለም ሁለቱንም ወደዳቸው። አበበን መውደድ ማንንም አያከራክርም። የሚያከራክረው የሁለተኛው ነው።

ደጋፊዎቹ የወደዱበት አንደኛው ምክንያት አፉና እጁ መስማማታቸው ነው። ዓሊ ባላጋራው በስንተኛው ዙር እንደሚወድቅ አስቀድሞ በግጥም ይናገር ነበር። በ1962 አርቺ ሙር የተባለውን የታወቀ ቡጢኛ በ4ኛው ዙር እጥለዋለሁ አለ፤ በ4ኛው ዙርም ጣለው። በ1964 በማያሚ ቢች ከሻምፒዮኑ ከሶኒ ሊስተን ጋር በተጋጠመ ጊዜ፥ ያሸንፋል ብለው የገመቱለት ጥቂቶች ነበሩ። እርሱ ግን አሸንፋለሁ ብሎ ቀደም ሲል ፎክሮ ነበርና፥ ሊስተን ለ7ኛው ዙር ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ። ዓሊም በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ፉከራ ለእኛ ለዚህ አገር ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛው ፉከራና ሽለላ፥ በኦሮምኛው ጌራርሳ በሠርግና በበዓል ሲሰማ አድገናል። አባቶቻችን ግን ለፉከራ ሕግ አበጅተውለታል፤ የሚፎክር ሰው ከአፉ በፊት እጁ ይጠየቃል። ያልሠራውን የሚያወራ በሰው ፊት ይዋረዳል። ስለዚህ ከጓደኞቻችን አንዱ «ዓሊ ጉረኛ ነው ከምትሉ፥ ጌራርሳ ያውቃል በሉ» ቢለን ሁላችንም ሳቅን፤ ነገሩ ግን ከሳቅ በላይ እውነት አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት፥ የተናቀ ሰው በቡጢኛው ውስጥ ራሱን ማየቱ ነው። ይህ ነገር ከዓሊ በፊት የነበረና አገራችንንም የሚነካ ታሪክ አለው። በጁን 25 ቀን 1935 በኒውዮርክ ከተማ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ከጣልያናዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ በቁመትም በክብደትም ከሉዊስ እጅግ የሚበልጥ ግዙፍ ሰው ነበር። በዚያን ወራት ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ያከማች ነበርና፥ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ግጥሚያውን የሁለት ሰዎች ጨዋታ ብቻ አድርገው አላዩትም፤ ኢትዮጵያና ጣልያን የተጋጠሙ ያህል ቆጠሩት። ሉዊስ ካርኔራን በ6ኛው ዙር ሲያሸንፈው የሐርለም ሕዝብ ወደ መንገድ ወጥቶ ጨፈረ። ኢትዮጵያን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ለእኛ ብለው እልል አሉ። ከ3 ወር በኋላ በኦክቶበር 1935 ወረራው ሲጀምር ግን፥ የሉዊስ ቡጢ ከቦምብም ከመርዝ ጋዝም አላዳነንም። ይህንንም አብረን ማስታወስ ይገባናል፤ ቡጢኛ የተዋረደን ሕዝብ ልብ ያቀናል እንጂ የሕዝብን ሥራ አይሠራለትም።

በ1974 ዓሊ ከጆርጅ ፎርማን ጋር በኪንሻሳ፥ ያን ጊዜ ዛየር ትባል በነበረችው አገር፥ ሲጋጠም የሆነው ይኸው ነው። ፎርማንም ጥቁር ነበር፤ በዕድሜም በ7 ዓመት ያንሰዋል፥ ጉልበቱም የሚያስፈራ ነበር። የኪንሻሳ ሕዝብ ግን ስሙን እየጠራ የዘመረው ለዓሊ ነው። ምክንያቱም ዓሊ መንገድ ለመንገድ እየዞረ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለ፥ እኔ የእናንተ ነኝ አለ። ከገመዱ ተደግፎ የፎርማንን ቡጢ ሲቀበል ቆይቶ፥ ባላጋራው ሲደክም በ8ኛው ዙር ጣለው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ይኸውም ዋጋ መክፈሉ ነው። ሊስተንን ካሸነፈ በኋላ ሃይማኖቱን መለወጡን በግልጽ ተናገረ፥ ስሙንም ለወጠ። የተከተለው ማኅበር ነጮችን በጅምላ የሚያወግዝ ስለ ነበር፥ ብዙ ሰዎች ተቆጡበት። በኤፕሪል 28 ቀን 1967 ደግሞ በቬትናም ጦርነት ለመሰለፍ አልፈቅድም አለ። ልጆቻቸውን ወደዚያ ጦርነት የላኩ እናቶች ቢቆጡበት አንፈርድባቸውም። ነገር ግን እርሱ ከአገር አልሸሸም፥ አልተደበቀም። የቡጢ ፈቃዱና ሻምፒዮንነቱ ተወሰደበት፤ 5 ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ይግባኝ ብሎ ከእስር ውጭ ቢቆይም፥ ከ25 ዓመቱ እስከ 28 ዓመቱ ድረስ፥ ማለት የቡጢኛ ጉልበት በሚሞላበት ዘመን፥ እንዳይጋጠም ታገደ። በጁን 1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን በ8 ዳኞች ድምፅ ሻረለት። የወጣትነቱን ዓመታት ግን የሚመልስለት ፍርድ ቤት አልነበረም።

እንግዲህ ለዚያ ለጠያቂው ጓደኛችን የምንመልስለት ይህን ነው። ሰውየው ትክክል ነበረ ወይስ ተሳሳተ ብለን ብንከራከር እስከ ማታ አንጨርስም። ነገር ግን የተናገረውን ቃል ዋጋ ራሱ ከፈለው። በሐሳቡ ያልተስማሙት እንኳ ኋላ ያከበሩት ስለዚህ ነው። በ1996 በአትላንታ፥ እጁ በሕመም እየተንቀጠቀጠ የኦሎምፒክን እሳት ሲለኩስ፥ ቀድሞ ያወገዙት ሳይቀሩ አጨበጨቡለት።

ይሁን እንጂ ሥዕሉን በደብተራችን ላይ ለጥፈን ጥፋቱን ብንሸሽግ፥ የተማርነው ከንቱ ይሆናል። ጆ ፍሬዘር የተባለው ቡጢኛ፥ ዓሊ በታገደበት ዘመን ፈቃዱ እንዲመለስለት ደግፎት የነበረ ሰው ነው። ዓሊ ግን በ1971 በኒውዮርክ፥ በኋላም በ1975 በማኒላ ሲጋጠሙ፥ ይህን ሰው የነጮች አገልጋይ ብሎ ሰደበው፥ በጎሪላም መሰለው። ተመልካቹ ሳቀ፥ ጋዜጣውም ተሸጠ። ፍሬዘር ግን ስድቡን ለብዙ ዓመታት በልቡ ይዞ ኖረ፤ ልጆቹም በትምህርት ቤት ተሰደቡበት። ዓሊ በ2001 በጋዜጣ ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ ጊዜ ዋጋውን የከፈለው ዓሊ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ከፈለለት። ደጋፊ መሆን ማለት እንግዲህ ሁለቱንም ማየት ነው፤ ራሱ የከፈለበትን ማክበር፥ ሌላውን ያስከፈለበትን አለመሸሸግ።

ይህ ነገር የአሜሪካኖች ወሬ ብቻ ይመስላችኋልን? ዓሊ ባረፈበት በ2016 ዓመት፥ በሪዮ ኦሎምፒክ ፈይሳ ሌሊሳ በማራቶን 2ኛ ሆኖ ሲገባ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። በኦሮሚያ ሰልፈኞች ላይ የሚፈጸመውን ግድያ መቃወሙ ነበር። ደግ አደረገ ያሉ ነበሩ፤ ስፖርትና ፖለቲካ ለየቅል ነው ያሉም ነበሩ። በየቤታችን ሁለቱንም ሰምተናል። እርሱ ግን ከሁለት ዓመት በላይ በስደት ቆይቶ በአገራችን አቆጣጠር በጥቅምት 2011 ተመለሰ። የክርክሩን ዋጋ በጎረቤቱ ላይ አልጫነም፤ በራሱ ከፈለው።

አሁን ልባችን የሚያዝንበትን ነገር እንናገር። በአገራችን አቆጣጠር በ2013 በመጋቢትና በሚያዝያ ወር፥ በአጣዬና በዚህ በአካባቢያችን ምን እንደ ሆነ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ሰው ሞተ፥ ቤት ተቃጠለ፥ ብዙዎች ከቀያቸው ተሰደዱ። ያን ጊዜ ልጆች ነበርን፤ የማንረሳው ግን አለን። «የኛ ወገን፥ የነሱ ወገን» እያለ ከሩቅ ሆኖ የጮኸው ሰው ቤቱ አልተቃጠለም። የከፈሉት በጩኸቱ ያልነበሩ ናቸው፤ በሰንበቴ እሑድ፥ በባቲ ሰኞ፥ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አርጎብኛውንም እየቀላቀሉ አብረው የሚገበያዩ እናቶችና አባቶች ናቸው።

ስለዚህ፥ ውድ ጓደኞቻችን፥ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ ብዙ ሰዎች «ደግፉን» ይሉናል። አንዳንዱ በቡጢ፥ አንዳንዱ በምላስ፥ አንዳንዱም በስልክ ላይ በሚለቀቅ ጽሑፍ ይመጣብናል። ስሙ ከስማችን፥ ቋንቋው ከቋንቋችን ስለ ገጠመ ብቻ እጃችንን አናንሣ። አስቀድመን እንጠይቅ፤ ይህ ሰው ለሚናገረው ነገር ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ራሱ የሚከፍል ከሆነ፥ ባንስማማበት እንኳ እናከብረዋለን። ሌላውን የሚያስከፍል ከሆነ ግን፥ የገዛ ወንድማችን ቢሆን «ተው» እንበለው።

ፎቶግራፉን የለጠፈው ጓደኛችን እስከ ዛሬ አላነሣውም። ያ የተከራከረው ጓደኛችንም ከአጠገቡ ተቀምጦ ይማራል። ከዓሊ ፎቶግራፍ አጠገብም የጆ ፍሬዘርን ስም በእስክሪብቶ ጽፎበታል፤ ባለ ደብተሩም ተወው።