የማይፈለግ ዘር የለም
(በተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



ስለ ሥራህ ጥቂት ንገረን ስላላችሁኝ፣ ዲስኩር ሳላበዛ ስለ ሩዝ ላውራችሁ።

ሩዝ ውሃ ይወዳል እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ ከሰነበተ እሱም ይሞታል። ብዙው ዝርያ ሲሰጥም ከውሃው በላይ ብቅ ለማለት ይመዘዛል፣ ስንቁን ይጨርሳል፤ ውሃው ሲጎድል አቅም አጥቶ ይተኛል። ከሕንድ ኦዲሻ የተገኘው ኤፍአር13ኤ ግን እድገቱን ገታ አድርጎ፣ ስንቁን ቆጥቦ ይጠብቃል። ሁለት ሳምንት ያህል ሰጥሞ እንኳ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ይህ ዘር ምርቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ገበሬ የሚሻማበት አልነበረም። ቢሆንም አልተጣለም። ተመራማሪዎች ጠባዩ የሚወረስበትን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1996 አመለከቱ፤ በ2006 ሰብ1ኤ የተባለውን ጂን ለዩ። ጂኑንም በማዳቀል ገበሬው ወደሚወደው ስዋርና አስገቡት፤ ልጁን ደጋግመው ወደ ስዋርና እየመለሱ፣ ገና በችግኝነቱ ዲኤንኤውን እየመረመሩ መረጡ። ስዋርና-ሰብ1 በ2009 ለሕንድ ገበሬ ደረሰ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ፎገራ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ጎርፉም አለ፤ ግን ሩዙን በዝምታ የሚጎዳው ብርድ ነው። አበባው በሚዘጋጅበት ሰሞን ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ብናኙ ይመክናል፤ ዘለላው ቆሞ ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ብርድ የሚችል ዝርያ እንፈልጋለን። ብርድ መቻሉ ብቻ ግን አይበቃም። ገበሬው ፍሬው ነጭ ነወይ፣ ገለባውን ከብት ይበላዋል ወይ፣ ከጤፍ ጋር ሲደባለቅ እንጀራ ይወጣዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኤክስ-ጅግና አዳዲስ ዝርያዎች እየመጡም ከማሳው ያልወጣው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዝርያ ከማዳቀል እስከ መለቀቅ 10 ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። የመመረቂያ ጥናት ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ክረምት ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ መዝገቡ አብሮት ይሄዳል፣ ዘሩ በከረጢት ውስጥ ምንነቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ተከታዩ ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። መምህራን፣ ተመራቂ ሁሉ ዘሩንና መዝገቡን ለተተኪው በፊርማ ያስረክብ። እኛ አባላት ደግሞ ከየዓመቱ መዋጯችን ላይ ቀንሰን ቢያንስ ለአንድ የሙከራ ማሳ ሦስት ተከታታይ ክረምት ወጪውን እንሸፍን። ለአዳራሽ ቀለም ያዋጣን ሰዎች ይህ አያቅተንም።

ዛሬ የማይረባ የሚመስለው ከረጢት ነገ የሚፈለገው ሊሆን ይችላል።