የጎን ውጋትና የመሳቢያው ክኒን



ከጠረጴዛው ተነሥቶ፥ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ፥ «ኩላሊቴን ነው» ያላለ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ወዲያውም ባልደረባው ከመሳቢያው የሕመም ማስታገሻ ክኒን አውጥቶ ይሰጠዋል፤ ምርመራውም ሕክምናውም በዚያው ያበቃል። ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ስለዚሁ የመሳቢያ ሕክምና ነው።

ኩላሊቶቻችን በጀርባ በኩል፥ በአከርካሪው ግራና ቀኝ፥ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ሥር ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ጭብጥ ያህላሉ። እንግዲህ ሕመሙ ከቀበቶ በታች ከሆነ፥ ጐንበስ ቀና ሲሉ የሚብስ፥ ጋደም ሲሉም የሚሻል ከሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻ ወይም የአከርካሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ከወንበር ሳይነሣ የሚውል ሰው ወገቡን ቢያመው አያስደንቅም፤ በየሰዓቱ ተነሥቶ መንጐራደድ ከክኒኑ ይልቅ ይጠቅመዋል።

የኩላሊት ጠጠር ሕመም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በድንገት ከጎን ይነሣና ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ እንደ ምጥ መለስ ቀለስ ይላል። በሽተኛው መቀመጥም መተኛትም ይሳነዋል፤ ያስመልሰዋል፤ ሽንቱም ደም ሊቀላቅል ይችላል። ከ5 ሚሊሜትር የሚያንስ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። በሕመሙ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ፥ ወይም ሽንት ከተቋረጠ ግን፥ ነገ ፈቃድ ጠይቄ እታከማለሁ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ወደ መሳቢያው ልመለስ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ዳሩ ግን ወደ ኩላሊት ደም የሚያደርሰውን ሥር ከፍቶ የሚይዘው ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ በተለይ ዕድሜው የገፋ፥ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፥ ወይም በተቅማጥ ውሃ ያነሰው ሰው ክኒኑን ሲውጥ ኩላሊቱ ደም ይጐድልበታል። ወራት ሙሉ ሲወስደው የኖረም፥ ኩላሊቴን አመመኝ ብሎ በዋጠው መድኃኒት ጤነኛ ኩላሊቱን ሊጐዳ ይችላል። ለጊዜው ማስታገሻ ካስፈለገ፥ ጉበቱ ላልታመመ ሰው፥ በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል።

የሚያሳዝነውም፥ በደም ግፊትና በስኳር በሽታ ምክንያት ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን አያመውም። እርሱን የሚያጋልጠው የደም ግፊት ልኬት፥ የሽንት ምርመራና በደም ውስጥ ያለው የክሬአቲኒን መጠን ነው።

ጠጠር አንድ ጊዜ የጐበኘው ሰው ጨው እንዲቀንስ፥ ሽንቱም በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል እስኪሆን ውሃ እንዲጠጣ ይመከራል፤ ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን የውሃውን ልክ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ከዘበኛው ዘንድ ነው እያለ ውሃ የሚተው ባልደረባ እንዳለ አውቃለሁ፤ እርሱ ቁልፉን ማስቀረጽ ይኖርበታል።