ከሰማይ የታየውን በእግር እንመርምር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመሬት አጠቃቀም ለውጥንና የተፈጥሮን አገልግሎት በካርታ የሚያሳይ ተመራማሪ እንዴት ይሠልጥን? የተፈጥሮ አገልግሎት ስንል የዛፍን ጥላ፣ አፈር የሚመጠውን ዝናብ፣ ወንዝ የሚወስደውን ጎርፍ ማለታችን ነው።

ምሳሌያችንን ከሩቅ አናመጣም። ከስታዲየም ተነሥተን በፍል ውኃ በኩል፣ ባንቲይቀጡ ወንዝን እያየን ወደ ካዛንቺስ እንውጣ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ይህን ለውጥ ሳተላይት ከሰማይ ይመዘግበዋል፤ ግን በሙሉ አይደለም።

ላንድሳት በተባለው ሳተላይት ምስል ላይ አንዲቱ ነጥብ በምድር 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለት 900 ካሬ ሜትር ናት። በካዛንቺስ በዚህ ስፋት ላይ ብዙ ቤትና ጓሮ ይገባ ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን ለሁሉም አንድ ስም ሰጥቶ «ቤት» ይለዋል፤ የጓሮው ዛፍ በዚያው ጠፍቶ ይቀራል። የኳስ ሜዳ ሣርና የከብት ግጦሽ ደግሞ ከላይ ሲታዩ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ አገልግሎታቸው ግን ለየቅል ነው።

ከዚህ የሚብሰው የዋጋው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ሠንጠረዥ ለከተማ መሬት ዋጋ አልተቀመጠለትም፤ የተቀመጠለት እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ማሻሻያ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ የቀድሞውን ሠንጠረዥ ገልብጦ ቢያባዛ፣ ጎረቤት ከሥሩ ተሰብስቦ ቡና ይጠጣበት የነበረው ዛፍ ሲቆረጥ በሒሳቡ ምንም አልጎደለም ማለት ነው። እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ከወንበራችን ሳንነሣ ካርታ ሠርተን ማርክ የተቀበልን ጥቂት አይደለንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ ካርታ የሠራ ሁሉ በዕጣ የተመረጡ ነጥቦችን ቦታው ድረስ ሄዶ ይመርምር፤ የሳተውንም ሳይደብቅ ይጻፍ።

ሁለተኛ፤ የድሮ የአየር ፎቶግራፍ ማንበብ ይማር። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያነሧቸው ፎቶግራፎች የተለጠፉባቸው ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች በሀገራችን የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን ሳይሠራባቸው ተቀምጠው ኖረዋል።

ሦስተኛ፤ ሰው ይጠይቅ። የፈረሰ ሰፈር ተመልሶ አይታይምና፣ የት ዛፍ እንደ ነበረ፣ ጎርፉም በየት ይወርድ እንደ ነበረ የሚያውቀው የቀድሞው ነዋሪ ብቻ ነው።

ሳተላይቱ ነገም ተመልሶ ያልፋል፤ ምስሉም ተቀምጦ ይቆያል። የካዛንቺስን ጓሮ የሚያስታውሱት ሽማግሎችና አሮጊቶች ግን በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ዕድሜያቸውም አይጠብቀንም። ስለዚህ መምህሮቻችን የመስክ ሥራውን ከዚህ መንፈቅ ሳያሳልፉ እንዲያስጀምሩልን በትሕትና እንለምናለን። ደብተርና እርሳስ ይዘን ለመነሣት እኛ ዝግጁ ነን።