«በዚህ ቤት የሚኖረው ማን ነው?»
ስለ ሕዝብና ቤት ቆጠራ ቅጽና ስለ አገና ቤተሰብ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



የሮማው ቄሣር አውግስጦስ ሕዝቡ በመዝገብ ይሰፍር ዘንድ ባዘዘ ጊዜ፣ ዮሴፍ ይኖርባት ከነበረችው ከናዝሬት ተነሥቶ ወደ አባቶቹ ከተማ ወደ ቤተልሔም መውጣቱን የሉቃስ ወንጌል ይተርካል። በዚያ ትረካ መሠረት ሰው የሚመዘገበው በዘር ሐረጉ ሥፍራ እንጂ በሚሠራበት ከተማ አልነበረም። የዘመናችን የሕዝብ ቆጠራ ግን ነገሩን ገልብጦታል። ዛሬ ቆጣሪው ወደ ሰው ቤት ይሄዳል እንጂ ሰው ወደ መዝገቡ አይሄድም፤ ጥያቄውም «አገርህ የት ነው?» ሳይሆን «ዘወትር የምትኖረው የት ነው?» የሚል ነው። ለብዙ ሰው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው። ለአገና ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልስ አላቸው። የዚህ ንግግር ጉዳይም በእነዚህ በሁለቱ መልሶች መካከል ተሰውሮ ስለሚቀረው ሰው ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ኢትዮጵያ እስካሁን ሦስት አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎችን አካሂዳለች። የመጀመሪያው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቆጣሪ ሊደርስባቸው ላልቻለ አካባቢዎች የተደረገው ግምት ተጨምሮ የሕዝቡ ብዛት 42.6 ሚሊዮን ገደማ መሆኑ ተገለጸ። ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ተካሂዶ 53.5 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የአፋርና የሶማሌ ክልሎችም በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተቆጥረው ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመዝግቧል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ደጋግሞ ከመራዘሙ የተነሣ ሳይካሄድ ቆይቷል። ስለሆነም የ1999ኙ ቅጽ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞላው ተቃርቦም ቢሆን ዛሬ ድረስ የአገሪቱ የመጨረሻ የቆጠራ ቅጽ ነው። በእርሱ ላይ የተጻፈው ብቻ ሳይሆን ሳይጻፍ የቀረውም ጭምር ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለበጀት ዕቅድ መነሻ ሆኖ ኖሯል።

አገና የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እዣ ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ ሲሆን፣ አገሩ የእንሰት አገር ነው። በመንደሩ መካከል ሰፊው ጀፎረ ይዘረጋል፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ ጀፎረው አድርገው ይቆማሉ፤ ከየቤቱ ጀርባ እንሰቱ ይበቅላል። ይሁን እንጂ የቤቱ ኑሮ የሚቆመው በእንሰቱ ብቻ አይደለም። ከብዙው ቤት አንድ ሰው፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ሰው፣ በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማርቶ ይገኛል። ገንዘቡን ወደ አገር ቤት ይልካል፤ ቤት ያሠራል፤ ለመስቀል ይመጣል።

እንግዲህ ቆጣሪው፣ ምናልባትም ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ወጣት መምህር፣ ቅጹን ይዞ ከአንዱ የአገና ቤት ደጃፍ ቆመ እንበል። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወጥተው በርጩማ አቀረቡለት። ወጣቱም «እማማ፣ በዚህ ቤት ዘወትር የሚኖሩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይንገሩኝ» ይላል። እናቲቱ መጀመሪያ የባላቸውን ስም ይጠራሉ፤ ቀጥለው የበኩር ልጃቸውን፣ ከዚያም የሁለተኛውን፣ በመጨረሻም ከእርሳቸው ጋር ያለችውን ትንሿን ልጅ። ወጣቱ «አባወራው አሁን የት ናቸው?» ሲል ይጠይቃል። «እሱማ መርካቶ ነው፤ ሱቁን ጥሎ የት ይመጣል?» «የበኩር ልጅዎስ?» «ከአባቱ ጋር ነዋ።» ወጣቱ ብዕሩን አንሥቶ ከአራቱ ስሞች ሦስቱን ሊሰርዝ ይገደዳል። እናቲቱ ቅጹን ማንበብ ባይችሉም ስረዛ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ልጄ፣ ምነው አጠፋሃቸው?» ይላሉ።

በሙያው ሕግ ሲመዘን ወጣቱ አልተሳሳተም። ቆጠራው ሰውን የሚመዘግበው ዘወትር በሚኖርበት ሥፍራ ነው፤ ለዚህም መለያው በአንድ ቤት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ መኖር ነው። እናቲቱም ቢሆኑ አልዋሹም። ችግሩ ያለው «ቤተሰብ» በተባለው ቃል ላይ ነው። ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ቤተሰብ ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር አድሮ ከአንድ ማዕድ የሚመገብ ሰው ነው። ለእናቲቱ ግን ቤተሰብ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚለው የቤቱ ሰው ማለት ነው፤ የቤቱ ሰው ደግሞ የትም ይደር የት፣ ቆርቆሮውን የገዛ፣ ለልቅሶ የሚጠራ፣ ሲሞት በዚያው አፈር የሚያርፍ ነው። ቅጹ ከሕዝቡ አፍ ቃል ተውሶ ሌላ ትርጉም ሰጠው፤ ትርጉሙንም የሚያውቀው ቆጣሪው ብቻ ሆነ።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊወለድ ይችላል። ቆጣሪው አዝኖ ወይም ቸኩሎ አባወራውን በአገና ከመዘገበና በአዲስ አበባም የተከራየበት ቤት ሰዎች ካስመዘገቡት፣ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። በአንጻሩ ደግሞ አገና ከተሰረዘ በኋላ፣ መርካቶ ላይ ሲጠየቅ «እኔ ቤቴ አገና ነው፤ እዚህ ለሥራ ነው» ብሎ ከመለሰ፣ ሰውየው ከሁለቱም ቦታ ይጠፋል። ይህም ያለ ተንኮል፣ በሁለት እውነተኛ መልሶች የሚሆን ነው።

አባወራነትም የራሱን እንቆቅልሽ ያመጣል። ከቅጹ ጥያቄዎች አንዱ እያንዳንዱ ሰው ከቤተሰቡ ኃላፊ ጋር ያለውን ዝምድና ይመለከታል። ባልየው ከተሰረዘ የቤቱ ኃላፊ እማወራዋ ናት ማለት ነው። በተግባርም እንዲሁ ናት፤ እንሰቱን የምታስተክል፣ ከብቱን የምታስጠብቅ፣ የሠራተኛውን ሒሳብ የምትከፍል እርሷ ናት። ሆኖም ባሏ በሕይወት እያለ ራሷን የቤቱ ኃላፊ አድርጋ ብታስጽፍ እንደ መበለት የቆጠረች ይመስላታል። በዚህም ምክንያት በወረቀት ላይ የሌለ ሰው ኃላፊ ሆኖ፣ ያለችው ኃላፊ ደግሞ «ሚስት» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች።

የቆጠራው ውጤት ራሱ የዚህን ኑሮ ጥላ ያሳያል። በ1999 ዓ.ም. በጉራጌ ዞን 1,279,646 ሰው ሲመዘገብ ወንዶቹ 622,078፣ ሴቶቹ 657,568 ነበሩ። ይህም ለ100 ሴት 95 ያህል ወንድ ማለት ሲሆን፣ በዚያው ቆጠራ በመላ አገሪቱ ለ100 ሴት 102 ያህል ወንድ ተቆጥሯል። በአዲስ አበባ ደግሞ ከተመዘገበው 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው ጉራጌ ነው። ከአገና የተሰረዘው አባወራ ከእነዚህ መካከል ይገኝ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ድምሩ ብቻውን አያረጋግጥለትም፤ ሰንጠረዡ የሁለቱን ቤት ዝምድና አያውቅምና።

የቆጠራው ቀንም በነገሩ ውስጥ እጅ አለው። የ1976ቱና የ1999ኙ ቆጠራዎች በግንቦት በመዋላቸው፣ ከተማ ያለው ሰው በሥራው ላይ ነበር። የ1987ቱ ግን ጥቅምት 1 ቀን ነበር። ይህ ከመስቀል በኋላ ሁለት ሳምንት ብቻ ስለሆነ፣ በጉራጌ አገር የበዓሉ ሰሞን ገና ጨርሶ ያላለፈበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን ቆጣሪው ከአንድ አገና ቤት ቢገባ አባወራውን በአካል ሊያገኘው ይችል ነበር። ምድጃ ዳር ተቀምጦ ክትፎውን እየበላ ያለውን የቤት ጌታ «አንተ እዚህ አትኖርም» ለማለት የሚደፍር ቆጣሪ ጥቂት ነው።

ሌሎቹም ጥያቄዎች ቢሆኑ ከእንቆቅልሽ የራቁ አይደሉም። ዕድሜ ለመጠየቅ ቀላል፣ ለመመለስ ግን ከባድ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በተግባር የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በሦስቱም ቆጠራዎች ዘመን አብዛኛው ሰው የልደት ወረቀት አልነበረውም። ዕድሜ የሚፈለገው ጣልያን ከገባበት ከ1928 ወይም አብዮት ከፈነዳበት ከ1966 ዓ.ም. ጋር እየተገናዘበ ነው። በመሆኑም መልሱ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ይከማቻል፤ በሰንጠረዡ ላይ የ40 ዓመት ሰው ሞልቶ የ41 ዓመት ሰው ይታጣል። «ቤቱ ስንት ክፍል አለው?» የሚለውም ጥያቄ ከክቡ የሣር ቤት ሲገባ ግራ ይጋባል። በዚያ ቤት መካከል ምሰሶው ቆሞ፣ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት ያድራል፤ ግድግዳ ሳይኖር ሁሉም ሥፍራውን ያውቃል። እንሰት ፍቃ፣ ቆጮ አብላልታ፣ ቡላ አዘጋጅታ ቤተሰቡን የምትመግበው ሴትም ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ «ሥራ የለኝም፤ ቤት ነው የምውለው» ትላለች፤ ቆጣሪውም እንዳለችው ይጽፋል።

የብሔረሰብና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጥያቄዎች ደግሞ አንዱን ቤት ለሁለት ይከፍላሉ። አገና ያደገው ልጅና መርካቶ የተወለደው ታናሽ ወንድሙ በብሔረሰብ አንድ መልስ ቢሰጡም፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሊለያዩ ይችላሉ። በ1999 ዓ.ም. ጉራጌ ተብሎ የተመዘገበው ከአገሪቱ ሕዝብ 2.5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አፍ መፍቻው ጉራጊኛ የሆነው ግን 2 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚህም ሌላ የመልሱ ሳጥን ራሱ በጊዜ ብዛት ተለውጧል። በ1987ቱ ሰንጠረዦች ሰባት ቤት ጉራጌ፣ ሶዶ ጉራጌና ስልጤ እየተለዩ ሲጻፉ፣ በ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ራሱን የቻለ ብሔረሰብ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የ1999ኙ ሰንጠረዥ ጉራጌና ስልጤ ብሎ አስፍሯል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተጨማሪ ወኪል የሚኖረው በመሆኑ፣ ይህች መስመር ከሌሎቹ የከበደች ናት።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያስተምረው ስለ ልጆች የሚጠይቀው ክፍል ነው። ይህ ክፍል በ1999 ዓ.ም. ከአምስት ቤተሰብ ለአንዱ ብቻ በቀረበው በረጅሙ ቅጽ ላይ ይገኛል። እናት የወለደቻቸው ልጆች በሦስት ተከፍለው ይጠየቃሉ፤ አብረዋት የሚኖሩ፣ በሌላ ሥፍራ የሚኖሩ፣ በሞት የተለዩ። ልጅን በቁጥር መጥራት በብዙ ቤት ዘንድ የሚፈራ ነገር ነው፤ በጥቂት ቀኑ ያረፈውን ሕፃን ማንሣትም ቁስልን መንካት ነው። ይሁንና ይህ ክፍል ከቅጹ ሁሉ ይልቅ ለአገና ኑሮ የቀረበ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የተሰረዘው የበኩር ልጅ፣ እዚህ ላይ «በሌላ ሥፍራ የሚኖር» ተብሎ ሥፍራ ያገኛል። ቅጹ አንድን ሰው የቤቱ ነዋሪ ሳያደርግ የእናቱ ልጅ መሆኑን መመስከር እንደሚችል በራሱ አሳይቷል። ይህን ለልጅ የሰጠውን ለባልና ለወንድም፣ ከአምስት ቤት ለአንዱ የሰጠውንም ለሁሉም ለመስጠት የሚከለክለው የሙያ ሕግ የለም።

በሌላውም ዓለም ይህ ያልታሰበ ነገር አይደለም። ወንዶቿ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓዶች ይሠሩ የነበሩት ሌሶቶ፣ ባሱቶላንድ ተብላ በምትጠራበት ዘመን ጭምር በቆጠራዎቿ በአገር ያሉትንና ከአገር ርቀው የሚሠሩትን ለይታ ትመዘግብ ነበር። ያልተገኘው ሰው ከድምሩ ሳይቀላቀል፣ ከቤቱም ሳይጠፋ በራሱ ዓምድ ሰፍሯል።

የሚቀጥለው ቆጠራ በወረቀት ሳይሆን በታብሌት እንዲከናወን ታስቧል። መሣሪያው ድምሩን ያፋጥናል፤ ጥያቄውን ግን አያሻሽልም። ስለዚህ ቅጹን ለሚያዘጋጁ ባልደረቦች ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ቆጣሪው መጀመሪያ የቤቱን ሰዎች ሁሉ፣ ያሉትንም የሌሉትንም፣ እናቲቱ በምትጠራቸው ቅደም ተከተል ይመዝግብ፤ ማን ዘወትር እንደሚኖር ቀጥሎ ይለይ፤ የሌለውም የት እንዳለ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ የሚሰማራው ቆጣሪ «ቤቴ አገር ቤት ነው» ለሚለው ሰው «ካለፉት 12 ወራት ስንቱን ወር እዚህ አደርክ?» የሚል ቀጣይ ጥያቄ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ሥልጠናው «ቤተሰብ» እና «ኃላፊ» የተባሉትን ቃላት በየአካባቢው ቋንቋ ምን ማለት እንደሆኑ በምሳሌ ያስረዳ።

ይህ ሁሉ ለቁጥር ጥራት ብቻ አይደለም። ቆጠራ መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤት ደጅ በአካል ደርሶ ስም የሚጠይቅበት ብርቅ ቀን ነው። በዚያ ቀን የአገናዋ እናት ያየችው የባሏና የልጆቿ ስም ሲሰረዝ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ቆጣሪው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ፣ እርሷ የምትጠራቸው አራቱም ስሞች ሳይሰረዙ፣ እያንዳንዱ በሚገባው ዓምድ ይሰፍሩ ዘንድ ቅጹን ማሰናዳት የዚህ ሙያ ባለቤቶች ኃላፊነት ነው።