የሻከረ ድምፅና የሥራ ቦታ ጩኸት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከአንድ ማሽን ያልተለመደ ድምፅ ሲሰማ ኦፕሬተሩ ወዲያው ያቆመዋል፤ መካኒክ ይጠራል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅም ሥራው አይቀጥልም። የፎርማኑ ድምፅ ሲሻክር ግን የሚሆነው ሌላ ነው። «ብርድ መታው» ይባልና ዝንጅብል ተፈልቶለት፣ በማግስቱ ከሚክሰሩ አጠገብ ቆሞ እንደ ወትሮው ይጮኻል። ለማሽን የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው ድምፅ የሚነፈገው አሠራሩ በሚገባ ስላልታወቀ ነው።

ድምፅ የሚፈጠረው በማንቁርት ውስጥ በሚገኙት ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። አውታር ይባሉ እንጂ እንደ ክራር ጅማት የተወጠሩ ክሮች አይደሉም፤ በስስ ልባስ የተሸፈኑ የሥጋ እጥፋቶች ናቸው። ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲገፋቸው እየተከፈቱና እየተጋጠሙ ይርገበገባሉ። በተራ ንግግር ጊዜ የአዋቂ ወንድ አውታሮች በ1 ሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። በ120 ቢታሰብ፣ አንድ ፎርማን በቀን ውስጥ በድምሩ ለ1 ሰዓት ድምፅ ቢያወጣ አውታሮቹ 432,000 ጊዜ ይጋጫሉ ማለት ነው። ሲጮኽ ቁጥሩም የግጭቱም ኃይል ይጨምራል። ከዚህም የተነሣ ልባሱ ያብጣል፤ አውታሮቹ በእኩል አይገጥሙም፤ በክፍተቱ አየር ያመልጣል፤ ድምፁም ይሻክራል። ጭነቱ ለወራት ሲቀጥል በጠርዛቸው ላይ እንደ እጅ መጅ ያለ እብጠት ሊወጣ ይችላል።

ኤቲየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳስረዳው፣ ሰው በጩኸት መካከል ሲናገር ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ፎርማኑን «አይጩኹ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ ሚክሰሩና ጄኔሬተሩ አጠገቡ እስካሉ ድረስ ይጮኻል። ዋናው መፍትሔ የሥራ ቦታውን ማስተካከል ሲሆን፣ ይህም የሐኪም ሳይሆን የመሐንዲስ ተግባር ነው። በገላጣ ቦታ ከ8 ሜትር ወደ 2 ሜትር ቀርቦ የሚናገር ሰው ድምፁን ሳያነሣ 12 ዴሲቤል ያተርፋል። ጄኔሬተሩን ማራቅና መከለል፣ የዕለቱን ትእዛዝ ማሽን ከመነሣቱ በፊት መስጠት፣ ለክሬን በእጅ ምልክት፣ ለራቀ ሰው በመገናኛ ራዲዮ መጠቀም ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

ድምፁ የሻከረበት ሰው ለጥቂት ቀናት ንግግር መቀነስ ይገባዋል። ማንሾካሾክ ዕረፍት ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ብዙዎች ሲያንሾካሹኩ ማንቁርታቸውን ስለሚያጨናንቁ በለዘበ ድምፅ መናገር ይሻላል። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግም አውታሮቹን ያጋጫል። ትኩስ መጠጥ ጉሮሮን ያለዝባል፤ የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ስለሆነ ግን አውታሮቹን አይነካም። ውኃ አዘውትሮ መጠጣት የሚረዳው ለመላው ሰውነት ሲዳረስ ነው። ሲጋራን መተው፣ ከአቧራም መጠበቅ ያስፈልጋል። ከጉንፋን ጋር የመጣ መሻከር በአብዛኛው በቫይረስ የሚነሣ በመሆኑ አንቲባዮቲክ አያሽረውም፤ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል።

ያልለቀቀ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወደ ማንቁርት መዛመት፣ አውታሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ መጎዳት፣ እንዲሁም የማንቁርት ካንሰር በዚሁ ምልክት ሊገለጡ ይችላሉ። ከአውታር ላይ የሚነሣ ካንሰር ገና በትንሽነቱ ድምፅን ስለሚለውጥ፣ በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ 4 ሳምንት የቆየ መሻከር በአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት። የሚያጨስ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያወጣ፣ ደም የተፋ፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ የተቸገረ ሰው ግን ይህን ያህል መጠበቅ አይገባውም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የዘፈን መምህር እ.ኤ.አ. በ1854 የገዛ ማንቁርቱን በመስተዋት ተመልክቶ ነበር፤ ዛሬ ምርመራው በቀጭን መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ይፈጸማል።

በማሽን መዝገብ ላይ እንግዳ ድምፅ የተሰማበት ቀን ይጻፋል። የፎርማኑ ድምፅ የተለወጠበት ቀንም ሊታወስ ይገባል። ባለቤቱ ለውጡን ቶሎ ስለሚለምደው፣ ቀኑን የሚቆጥርለት የሥራ ባልደረባው ነው፤ «ጋሼ፣ አራት ሳምንት ሆነዎት፤ ዛሬ ሥራውን ለእኛ ይተዉና ሄደው ይታዩ» የሚለውም እርሱ መሆን አለበት።